የሃያ ኩንታል ቅጠል ግብር

ሞኝነት የሌለበት ቤት የለም። የእኔን ለየት የሚያደርገው በሦስት ኮፒ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በወረዳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ነው። ያኔ ያላነበባችሁ ካላችሁ አሁን ልንገራችሁ። ያነበባችሁም ብትሆኑ ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ዳቦ ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰው ዳገቱን ሲወጣ ሁለተኛውን እረፍት የሚወስድበት ቦታ ላይ ናት። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ትንፋሽ አጥሯቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ከቆሙ አይቀር ዳቦ ይገዛሉ። በቀን ሦስት መቶ ዳቦ እንጋግራለን። ባለቤቴ ማርታ ታቦካለች፣ እኔ እሳቱን እጠብቃለሁ፣ የምናነደውን ቅጠልና ጭራሮ ደግሞ እትዬ ዘርፌ ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡልናል። ድርጅቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ስለ ማርታ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አትዋሽም። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ጌታን የተቀበለችውም ገና በልጅነቷ ነው። እኔም አብሬያት ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፤ የምቀመጠው ግን በር አጠገብ ነው። ነጋዴ ሆኖ የማትዋሽ ሚስት ማግባት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ደንበኛ ገና እጁን ሲዘረጋ፣ ሳይጠይቃት «እሱ የትናንት ነው» ትለዋለች። ሰውየውም አመስግኗት ወደ ታችኛው ዳቦ ቤት ይወርድና ሳያውቅ የከትናንት ወዲያውን ገዝቶ ይሄዳል።

ዘመኑ ሁሉም ነገር ልማታዊ የነበረበት ዘመን ነው። ልማታዊ ባለሀብት ነበረ፣ ልማታዊ አርቲስት ነበረ፣ ልማታዊ ሴፍቲኔትም ነበረ። ምንም ቅጽል ያልተሰጠን ግብር ከፋዮች ብቻ ነበርን።

የእኛ ቢጤ ትንንሽ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ አይዝም። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ሦስት ሰዎች ፋይል ታቅፈው ይመጡና «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ብለው ይጠይቁሃል። ያልከውን ሰምተው፣ እሱን ትተው፣ የመሰላቸውን ይጽፋሉ። ገማቾች ይባላሉ። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ ገማቾች ይመጣሉ በተባለበት ሳምንት በአንድ ጀንበር ይደኸያል። ባለ ሥጋ ቤቱ አንዲት የበግ እግር ሰቅሎ አጠገቧ ይተክዛል። ባለ ሸቀጡ መደርደሪያውን አራግፎ ሁለት ሳሙናና አንድ ፓኬት ሻማ ያስቀምጣል። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ ያንቀላፋል። በዚያ ሳምንት ወደ ሰፈራችን የመጣ እንግዳ አገር የተፈታ ይመስለዋል። ገማቾቹ እንደምናስመስል ያውቃሉ፣ እኛም እንደሚያውቁብን እናውቃለን፣ ሥራው ግን በመከባበር ይሠራል። የእኛ ቤት ብቸኛ ችግር ማርታ ናት። ስለዚህ በዚያ ሳምንት «እህትሽ ናፍቃሻለች» ብዬ አያት ሰፈር እህቷ ቤት እልካት ነበር።

አሁን ወደ አቶ ደምሰው ልውሰዳችሁ። አቶ ደምሰው ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ጫካው ሥር፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ማምረቻ ነበራቸው። የቆርቆሮ አጥሩ ረጅም ነው፣ ሰሌዳው ደግሞ ከአጥሩም ይበልጣል። ዘይቱ ለጉንፋን፣ ለቁርጥማትና ለውጭ ምንዛሪ ፍቱን ነው ተብሎ ነበር። እኔ ዘይቱን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ስስል ሰምተው አንድ ጠርሙስ በስጦታ ሰጡኝ። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ የሌላ አገር ስም ተጽፎበታል። «ጠርሙሱ ብቻ ነው ከውጭ የመጣው» አሉኝ። ለነገሩ ጉንፋኑ ለቀቀኝ።

ማምረቻው በተከፈተ በዓመቱ ከሰረ። መንግሥት ደገፈውና ተነሣ። በሁለተኛው ዓመትም ከሰረ። ይህን ጊዜ የፊተኛው ብድር ተራዘመለት፣ ሌላ ብድር ተጨመረለት፣ የከሰረው ቦታ ጠቦት ነው ተብሎ መሬትም ተሰጠው። የአቶ ደምሰው ባለቤት ወንድም የወረዳው ካቢኔ አባል ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ? እሳቸው ግን «እኛ የተገናኘነው በሥራ ነው» ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ስለ እውነት መናገር አለብኝ። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ ዳቦ ሲገዙ መልስ የማይቀበሉ ሰው ናቸው።

ችግሩ የመጣው በቅጠሉ ነው። አንድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ የረገፈ ቅጠል የማምረቻው ጥሬ ዕቃ ነው» ተባለና ጫካው ሥር ዱላ የያዙ ጥበቃዎች ቆሙ። እትዬ ዘርፌ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ አቋራጭ ሲወርዱ ኖረው፣ በስተርጅና በሌላው ጋራ ዞረው መምጣት ጀመሩ። ሸክሙ አነሰ፣ ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ በእሳቸው አልፈርድም።

«ለመሆኑ ያን ሁሉ ቅጠል ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉኝ ወገባቸውን ይዘው። «አይለቅሙትም እኮ ልጄ። እዚያው እንደረገፈ ነው። የሚጠብቁት እሱን ነው።»

በማገዶው ላይ የዱቄቱ ዋጋ ሲጨመር የሁለት ወር ኪራይ አደረብን። ዳቦ ቤቷ ልትዘጋ ደረሰች። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ማርታም ሕይወቷን ሙሉ ከሊጥ ውጭ የያዘችው ነገር የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት አቶ ደምሰው ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«እርስዎ በከሰሩ ቁጥር የሚጨምሩት እንዴት ነው?»

አልተቆጡም። ሳቁና ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። «አንተ ብትከስር ምን ይፈጠራል?»

«ዳቦ ቤቷ ትዘጋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው ከታችኛው ዳቦ ቤት ይገዛል።»

«አየህ!» አሉኝ። «እኔ ብወድቅ ግን ሪፖርት ይበላሻል። ማምረቻው በሦስት ሪፖርት ላይ ተጽፏል፤ ትልልቅ ሰዎች ጎብኝተውት ፎቶ ተነሥተውበታል። ስለዚህ እኔን ማንሣት ግድ ነው። መንግሥት የሚያነሣው ሲወድቅ የሚሰማ ሰው ነው። አንተ ስትወድቅ አትሰማም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የምሥራች ነገሩኝ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የማነቃቂያ ድጋፍ መጥቷል፤ የሚመርጥ ኮሚቴ ማክሰኞ ሰፈራችንን ይዞራል። ስሜን ራሳቸው እንደሚያስገቡልኝ ቃል ገቡ። «ብቻ አደራህን» አሉኝ፣ «ድህነትህን እንዳታሳያቸው። ለደሃ ቢሰጡት ይበላዋል ብለው ነው የሚያስቡት። የሚፈልጉት ያደገ፣ ሊያድግም ያሰበ ሰው ነው።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ገማቾች ደግሞ ሐሙስ እንደሚመጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማክሰኞ ሀብታም፣ ሐሙስ ደሃ መሆን አለብኝ ማለት ነው፤ መካከሉ ላይ ረቡዕ ስላለ በቂ ጊዜ መሰለኝ።

ሰኞ ከሰዓት ሃያ ባዶ የዱቄት ጆንያ ሰብስቤ እትዬ ዘርፌን ከለቃሚ ጓደኞቻቸው ጋር ቅጠል አስመጣኋቸው።

«ይኼን ሁሉ በአንድ ቀን ልታነደው ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ልደረድረው ነው።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት።»

«እሺ» አሉ። መንግሥት ያለበት ነገር ሲሆን እትዬ ዘርፌ ብዙ አይጠይቁም።

ጆንያዎቹን በቅጠል ጠቅጥቄ እስከ ጣሪያው ደረደርኳቸው። ከፊት ያለችውን አፏን ከፍቼ ከላይ ሁለት ጣሳ ዱቄት ነሰነስኩባት። ከፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋውን ተዋስኩ። በር ላይ «ቅርንጫፍ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለተኛው የት ነው ቢሉኝ የምመልሰውን ግን አላሰብኩም። ማርታ ገብታ ክምሩን አየች፣ አንዱን ጆንያ በጣቷ ነካች።

«ይኼ ቅጠል ነው» አለች።

«ወደፊት ዱቄት የሚሆን ነው» አልኳት።

የገማቾች ቀን ስላልሆነ አያት ልልካት ትዝ አላለኝም። ትልቁ ጥፋቴ ይህ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ሊያድነኝ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሁሉም ፋይል የታቀፉ። «ከወረዳ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

«በቀን ስንት ዳቦ ይሸጣሉ?» አለች ሴትየዋ።

«ሦስት ሺህ።»

«ሦስት መቶ» አለች ማርታ ከሊጡ ቀና ሳትል።

«እሷ የምታወራው በዚህ በር ስለሚወጣው ነው» አልኩ። «በጀርባ በር የሚከፋፈለውን አትቆጥርም።» ጀርባችን የጎረቤት ግድግዳ ነው።

«ሠራተኛስ?»

«ስምንት።»

«ሁለት ነን» አለች ማርታ።

«ስድስቱ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው።»

ከወንዶቹ አንዱ ወደ ክምሩ ሄዶ ጆንያ መታ መታ አደረገ። ኮሽ አለ። «ዱቄቱ ይንኮሻኮሻል» አለ።

«ያልተፈተገ ስንዴ ነው፤ ለጤና የሚመርጡት ደንበኞች አሉኝ።»

ማርታ አሁን እጇን ከሊጡ አወጣች። «ወንድሞቼ፣ እባካችሁ እኔን ስሙኝ። ይኼ ሰው—»

«ትሑት ናት» አልኩና ፊቷ ቆምኩ። «ጴንጤ ናት፤ በሀብት መመካት አይወዱም።»

ሦስቱም በአክብሮት አዩዋት። ሴትየዋ ሦስት ሺህ ብላ ጻፈች። የተናገርኩት ቃል ሳይቀነስ ሳይጨመር መንግሥት ሲጽፍልኝ የመጀመሪያዬ ስለነበረ ደስ አለኝ፤ አንገቴም ረዘመ። ለያንዳንዳቸው ትኩስ ዳቦ ሰጠኋቸው። ሲወጡ ጆንያ የመታው ሰው እጄን ጨብጦ «እንደ እርስዎ ግልጽ የሆነ ነጋዴ ገጥሞን አያውቅም» አለኝ።

«የጠየቁህ ስለ ሽያጭና ስለ ሠራተኛ ብቻ ነው» አለች ማርታ ከሄዱ በኋላ። «ሊረዳ የመጣ ሰው ምን ጎደላችሁ ብሎ አይጠይቅም?»

«አንቺ የቢሮ አሠራር አታውቂም» አልኳት። ከዚያ «እህትሽ ናፍቃሻለች» ብዬ በማግስቱ አያት ላክኋት።

ሐሙስ ጠዋት ደሃ ሆኜ ተነሣሁ። ጆንያዎቹን እዚያው ከመጋረጃ ጀርባ ባለችው አልጋችን ሥርና ቆጥ ላይ ሸጎጥኩ፣ እሳቱን አጠፋሁ፣ መደርደሪያው ላይ ሁለት የደረቀ ዳቦ አስቀመጥኩ። የተቀደደ ሽርጥ ለበስኩ፣ ግንባሬን በሻሽ አሰርኩ። ሦስት ሰዎች መጡ። እነዚህም ሁለት ወንድና አንድ ሴት፣ እነዚህም «ከወረዳ ነው»።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ ታላቅየው።

«የት አለና።»

«በቀን ስንት ይሸጣሉ?»

«አሥር። እሱም ሰው ካዘነልኝ።»

«ወደፊት ለማስፋፋት ያሰቡት ነገር አለ?»

«ያሰብኩት እስከ ቅዳሜ በሕይወት መቆየት ነው።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠና በሐዘኔታ አየኝ። «ዋናው ችግርዎ ምንድን ነው? ምን ቢደረግልዎ ይሻላል ይላሉ?»

ይህን ጊዜ ከሻሹ ሥር ላብ ወጣኝ። ገማች በዓለም ላይ የማይጠይቀው ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው።

«እናንተ… ከየት ናችሁ?»

«ከማነቃቂያ ድጋፍ ኮሚቴ። ማክሰኞ መምጣት ነበረብን፤ ድንገተኛ ስብሰባ ተጠርተን ነው። በእኛ ቀን የገቢ ግምት ሰዎች እንዲሠሩ አድርገናል።»

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ሻሹን መንጭቄ ጣልኩና «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ሀብታም ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። አልጋው ሥር ገብቼ አንድ ጆንያ እየጎተትኩ ወጣሁ። ጆንያው በሚስማር ተቀደደና ቅጠሉ መሬት ላይ ዘረገፈ። ሦስቱ ሰዎች ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ታላቅየው አንዲት መስመር ጻፈ። ዕድሜ ልኬን ከባንኮኒ ማዶ ስለቆምኩ የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ለምጃለሁ። «ለድጋፍ ሳይሆን ለሕክምና ይታሰብ» ይላል።

ከወር በኋላ ግምቱ ተለጠፈ። በሰፈራችን ዝርዝር ከእኔ በላይ የነበረው የነዳጅ ማደያው ብቻ ነው። ግብሬ ከዓምናው ስምንት እጥፍ ሆኗል። የአቶ ደምሰውን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ ከግብር የእፎይታ ጊዜ ላይ ናቸው ተባልኩ። የዕድራችን ሰብሳቢ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ደብቀኸን ነው?» ብሎ አቀፈኝ። አከራዬ ደግሞ ሰሌዳውን አንብቦ በዚያው ሳምንት ኪራይ ጨመረ። ማርታ ሰሌዳውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም።

«እውነቱን እኮ ነግሬያቸው ነበር» ብቻ አለች።

በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው።

ቅሬታ አቀረብን። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፤ የነጋዴው ተወካይና ሰብሳቢ ሆነው መካከል የተቀመጡት አቶ ደምሰው ናቸው። ሲያዩኝ በቅንነት ፈገግ አሉ። አጠገባቸው ያለው የሕግ ባለሙያ ፋይሌን ገለጠ።

«በቀን ሦስት ሺህ ዳቦ ይጋግራሉ?»

«አልጋግርም።»

«ታዲያ ለመንግሥት ሠራተኛ የሐሰት ቃል ሰጥተዋል?»

ወደ ማርታ ዞር አልኩ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ባለሙያው። «ሀብታም ከሆኑ ግብሩን ይከፍላሉ። ዋሽተው ከሆነ ቅጣት አለው። የትኛው ነዎት?»

«ቅጣቱ ስንት ነው?» አልኩ። ሦስቱም ሳቁ፤ እኔ ግን የጠየቅሁት ከልቤ ነው።

ማርታ እጇን አውጥታ ተነሣች። «ባሌ ዋሽቷል» አለች። «ዳቦው ሦስት መቶ ነው። ሠራተኛው እኔና እሱ ነን። ጆንያው ቅጠል ነው፤ ኑና እዩት። ይህን ግብር ከከፈልን ዳቦ ቤቱ አይኖርም።»

አቶ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ። «እህቴ፣ አምንሻለሁ» አሉ። «ግን ቁጥሩ ወደ ላይ ሄዷል። የወረዳው የዕቅድ ክንውን ውስጥ ገብቷል። አንዴ ወደ ላይ የሄደ ቁጥር ዝቅ ብሎ አይመለስም።» ያዘኑ ይመስለኛል። ከዚያ ግብሩ ባለበት እንዲጸና፣ ለዋሸሁበት ደግሞ የቅጣቱ ግማሽ ብቻ እንዲጣልብኝ ወሰኑ። ግማሹን ያስቀነሰልን የማርታ እውነተኛነት ነው አሉን። ሀብታምም ዋሾም ሆኜ ወጣሁ።

እንግዲህ ዳቦ ቤቷን መዝጋት ብቻ ቀረ። ማርታ አለቀሰች፣ እኔም ሳታየኝ አለቀስኩ፤ በነጋታው ንግድ ፈቃዴን ይዤ ልመልስ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ተቀበለችኝና «ክሊራንስ?» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከግብር ዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ወረቀት። የተወሰነብዎትን ሁሉ ከፍለው ሲጨርሱ ይሰጥዎታል። ያለሱ ፈቃድ መመለስ አይቻልም።»

«የምዘጋው እኮ መክፈል ስላቃተኝ ነው።»

«ካልዘጉ ደግሞ የሚመጣው ዓመትም ይቆጠራል» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው፣ «ግን ያን ሁሉ ከፍለው መጨረስ ከቻሉ ለምን ይዘጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፈቃዴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ማርታ ባንኮኒውን እየጠረገች ነበር። «ተዘጋ?» አለችኝ። «ለመዝጊያ የሚሆን ገንዘብ የለንም» አልኳት። ጋቢዋን አወለቀችና ዱቄቱን ነፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንጋግረው ለመዝጋት ነው።

ያ ወር ሳያልቅ አቶ ደምሰው ለሦስተኛ ጊዜ ከሰሩ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ተነሡ። ለዳግም ምረቃው በዓል «በልማት ተሳትፎ መልክ» ሃምሳ ዳቦ እንድናቀርብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰን። አልጋግርም ብዬ ነበር፤ ግን ዕዳ ያለበት ሰው ማኅተም ላይ አይጨክንም። ሃምሳውን ጋግረን፣ ሁለት ቅርጫት ተሸክመን፣ እኔና ማርታ ዳገቱን ወጣን።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አንድ ንጹሕ በርሜል ሪባን ታስሮበት ቆሟል። የወረዳው ኃላፊ ንግግር አደረጉ። «ዘንድሮ ወረዳችን ከአነስተኛ ነጋዴዎች ከዕቅድ በላይ ገቢ በመወሰኑ፣ ይህን ፈር ቀዳጅ ማምረቻ መታደግ ችለናል» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ከለመደው እጄ የተነሣ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩና የማጨበጭበው ለራሴ ግብር መሆኑ ሲገባኝ ተውኩት። ሦስት ሺህ ያልተጋገሩ ዳቦዎቼ ርቀው ሄደው በርሜል ሆነው መጥተዋል።

እንግዶቹ ዳቦውን በሻይ እየበሉ ሳለ ካሜራ የያዘ ሰው ወደ እኛ መጣ። «የአካባቢው ነዋሪ ናችሁ? ስለ ማምረቻው ጥቅም አንድ ነገር በሉን» አለ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ማርታ ማይኩን ያዘች። በእርጋታ፣ ጸሎት ቤት ምስክርነት እንደምትሰጥ አድርጋ ተናገረች። ሰውየው እስክትጨርስ ቀረጻትና «በጣም ጥሩ» ብሎ ሄደ።

ማታ የሁለት ሰዓት ዜና ላይ «ማርታ ልትታይ ነው» ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። እትዬ ዘርፌም መጥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። በርሜሉ ታየ፣ አቶ ደምሰው ታዩ፣ ዳቦአችን ታየ። ከዚያ ማርታ መጣች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እጇም ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን የዜና አንባቢው ድምፅ ነው። «የአካባቢው ነዋሪዎች በበኩላቸው ማምረቻው የገበያ ዕድል እንደከፈተላቸው ገልጸው ላደረገላቸው ድጋፍ መንግሥትን አመስግነዋል።» ጎረቤቶቻችን እልል አሉ። ማርታ አብራ እልል አላለችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የገዛ አፏን ታያለች።

«እንዲህ አላልኩም» አለች።

«ታዲያ ምን ነበር ያልሽው ልጄ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ማርታ ቀና ብላ ተናገረች። «ይኼ ቤት አንድ ቀን ዘይት ሲያወጣ አላየንም፤ የምትበሉት ዳቦ የእኛ ነው፤ አልተከፈለንም፤ በእኛ ግብር እሱ ተነሣ፣ እኛ መዝጋት እንኳ አልቻልንም። ያልኩት ይኼን ነው።»

የዕድሩ ሰብሳቢ ሳል ሳል አለው። አከራያችን ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ወትሮዬ «ትሑት ናት» ወይም «አትስሟት» እንድል የሚጠብቁ መሰለኝ።

«እውነቷን ነው» አልኩ። «ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ ቃል በቃል ያለችው ይኼንኑ ነው።»